«ስሊፕ ቱክ ሚ»፦ የእንግሊዝኛው ቲቸር ለጥያቄዎቻችሁ ይመልሳል

ሰላም ናችሁ? 9ኛና 11ኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። በዚህ ዓምድ ደግሞ የእናንተን ጥያቄ እመልሳለሁ። ባለፈው ዕትም ስለ ተማሪዎቼ ድርሰት ሁለት ሦስት መስመር ጣል አድርጌ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጥያቄው አላቆመም። የቻልኩትን ያህል መርጫለሁ። የተማሪ ስም አልጠራም፣ ትምህርት ቤቴንም አልናገርም። ልጆቹ መጽሔቱን ባያነቡ እናቶቻቸው ያነባሉ።

ጤና ይስጥልኝ መምህር። ልጄ ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ገባ። የእንግሊዝኛ ደብተሩን ገለጥ ሳደርግ ደም የፈሰሰበት ነው የሚመስለው። አንዱን ገጽ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት፣ 23 ቦታ በቀይ ተሰምሮበታል። ሚኒስትሪ ጥሩ ውጤት አምጥቶ ነው ያለፈው። ልጄ ደደብ ሆኖ ነው ወይስ አስተማሪው ጨክኖ?
*እናት፣ ከደሴ*

ደደብ የምትለዋን ቃል መጀመሪያ እናውጣት። ልጅዎ ቢሰማት ከ23ቱ ቀይ መስመር በላይ ታመዋለች።

አንድ ነገር ላሳይዎት። በዚህ ሴሚስተር መጀመሪያ ላይ ለ9ኛ ክፍሎች «ያረፈድኩበት ቀን» የሚል ርዕስ ሰጠሁ። ሁልጊዜ ኋላ ወንበር የሚቀመጥ ልጅ እንዲህ ብሎ ጀመረ፦ «ስሊፕ ቱክ ሚ። ሬይን ቢት ሚ። ጋርድ ሪተርን ሚ።» እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ዝናብ መታኝ፣ ዘበኛ መለሰኝ ማለቱ ነው። በእንግሊዝኛ ሦስቱም አይሆኑም። እንግሊዙ ራሱ ነው እንቅልፍ ውስጥ የሚወድቀው እንጂ እንቅልፍ መጥቶ አይወስደውም። ዝናብም አይመታውም። እኛ ጋ ግን ሰውየው ዝም ብሎ በተቀመጠበት ነው ነገሩ ሁሉ የሚመጣበት፤ ይርበዋል፣ ይበርደዋል፣ ያመዋል፣ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ሼም ይይዘዋል። ልጁ በአማርኛ አሰበ፣ ቃሉን ብቻ በእንግሊዝኛ ተካው። ቀይ እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ትንሽ ቆየሁ። እውነቱን ለመናገር ግጥም ነው የመሰለኝ።

ከዚያ ግን አረምኩት። ማረም ሥራዬ ነው።

የልጅዎን ደብተር አላየሁትም፤ ግን 23 ስህተት ማለት ብዙ ጊዜ 23 የተለያየ ነገር አለማወቅ ማለት አይደለም። ያው አንዱ ስህተት ነው እየተመላለሰ የሚሰመርበት። በቅርቡ አንድ ወረቀት ላይ 19 ቆጥሬ ነበር። ከ19ኙ 11ዱ «ዘ» እና «ኤ» የሚሏቸው ሁለት ትናንሽ ቃላት የተረሱበት ቦታ ነው። ለምን ይረሳሉ? አማርኛ «ቤቱ» ሲል ያቺን «ዘ» ከቃሉ ጭራ ላይ ይቀጥላታል፣ ለብቻዋ አያቆማትም። ልጁ ለብቻዋ የምትቆም ነገር ፈልጎ አያውቅም። አምስቱ ያለፈ ጊዜን በአሁን ጊዜ ግስ የጻፈበት ነው። የቀሩት ሦስቱ ፊደል ናቸው። ስለዚህ ልጁ ያለበት 19 ችግር ሳይሆን 3 ነው።

ሌላም ነገር አለ። እስከ 8ኛ ሒሳቡንም ሳይንሱንም በአፍ መፍቻው ቋንቋ ሲማር የቆየ ልጅ በአንድ ክረምት ልዩነት ሁሉም ትምህርት እንግሊዝኛ ይሆንበታል። ሽግግሩ ከክልል ክልል ይለያያል፤ 7ኛ ላይ የሚጀመርበት አለ፣ 9ኛ ላይ የሚጀመርበት አለ። የሆነው ሆኖ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ደብተሩ ያልቀላ ልጅ ብዙም አላየሁም።

ማታ ደብተሩን ይዘው አጠገቡ ይቀመጡና «ይቺ ለምንድነው የተሰመረባት?» ይበሉት። እርስዎ እንግሊዝኛ ባይችሉም ግድ የለም፣ እንዲያውም ይሻላል። ለእርስዎ ሊያስረዳ ሲል ለራሱ ይገባዋል።

ቲቸር እንደምን አሉ። ባለፈው ሳምንት የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን በእንግሊዝኛ «ሆምወርክህን አልሠራህም?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም «የስ» አልኩ። «በጣም ጥሩ፣ ውጣና ሰሌዳ ላይ ሥራው» አሉኝ። ወጥቼ ቆምኩ። እሳቸው እንደዋሸሁ ነው የገባቸው። እኔ ግን አልዋሸሁም! ምንድነው የተፈጠረው?
*የ10ኛ ክፍል ተማሪ*

ሃሃ፣ አልዋሸህም። ሆምወርኩንም ግን አልሠራህም።

በአማርኛ «አልሠራህም?» ስትባል «አዎ» ካልክ «ልክ ነዎት፣ አልሠራሁም» ነው። ከጠያቂው ጋር ነው የምትስማማው። እንግሊዝኛው ለጠያቂው ግድ የለውም፣ የሚያየው ሥራውን ነው። ሠርተህ ከሆነ «የስ»፣ ካልሠራህ «ኖ»፤ ጥያቄው በአሉታ መጣ በአዎንታ ለውጥ የለውም። ስለዚህ ያንተ መልስ «ኖ፣ አይ ዲድንት» ነበር። ዘዴው ምን መሰለህ፣ «የስ»ና «ኖ»ን ለብቻቸው አትልቀቃቸው፣ ሁልጊዜ ጭራ ቀጥልላቸው። «የስ፣ አይ ዲድንት» ብለህ ብትሳሳት እንኳ አስተማሪህ ጭራዋን ሰምተው ይረዱሃል።

አስተማሪህም አማርኛ ተናጋሪ ናቸውና የገባቸው ይመስለኛል። ሰሌዳ ላይ ያቆሙህ አውቀው ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። እኔም አደርገዋለሁ።

ሰላም ለአንተ ይሁን ወንድሜ። አዲስ አበባ ያለች የእህቴ ልጅ 11ኛ ክፍል ናት። እንግሊዝኛዋን እንድታሻሽል ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፊልኝ አልኳት። የቀን ውሎዋን ጻፈችልኝ። 4 ሰዓት ላይ እንደምትተኛና 12 ሰዓት ላይ እንደምትነሳ ሳነብ ደነገጥኩ። ልጅቷ እስከ ሌሊት ምን እየሠራች ነው? እስከ ቀትር ከተኛችስ መቼ ነው ትምህርት ቤት የምትሄደው? እናቷን ደውዬ ልጠይቃት ስል ባለቤቴ መጀመሪያ አንተን እንድጠይቅህ መከረኝ።
*አክስት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ*

ባለቤትሽ ብልህ ሰው ነው። አትደውይ!

ልጅቷ በሰላም ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኝታ ከንጋቱ 12 ሰዓት ትነሳለች። ስምንት ሰዓት ሙሉ ትተኛለች፣ እኔ እንዲያውም ቀናሁባት። ቃሉን ተረጎመች፣ ሰዓቱን ሳትተረጉም ቀረች። አንቺ ደግሞ ውሎዋን በአማርኛ ብታነቢው ኖሮ ወዲያው ይገባሽ ነበር፤ በእንግሊዝኛ ስለመጣ በእንግሊዝኛ ሰዓት አነበብሽው። ቀኑ በንጋት ይጀምራል ብለን የምንቆጥር እኛ ነን፣ እነሱ ከእኩለ ሌሊት ይጀምራሉ፣ መሀል ላይ ስድስት ሰዓት ይጠፋል። በየዓመቱ «ማይ ደይ» የሚል ድርሰት ሳዝ ከክፍሉ አንድ ሦስተኛው ያህል እኩለ ቀን ላይ ይነሳና 2 ሰዓት ላይ ለሰንደቅ ዓላማ ይሰለፋል።

ሰዓቱ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። የልደት ዓመቷን ጻፊ ብትያት 2001 ትልሻለች፣ አንቺ ስታሰይው ሃያዎቹ ውስጥ ታስገቢያታለሽ። ልጅቷ ግን የኛን 2001 ነው የጻፈችው። ይሄ ደብዳቤ ላይ ያስቃል፣ የስኮላርሺፕ ፎርም ላይ ግን አያስቅም። ክፍል ውስጥ አንድ ሙሉ ፔሬድ የምሰጠው ለዚህ ነው። ሰሌዳው ላይ ሁለት ሰዓት እሥላለሁ፣ አንዱን «የኛ» ሌላውን «የነሱ» ብዬ፣ ከዚያ እየጠራሁ ያገናኙኛል። ግስ ከማስተማር ይልቅ ይቺ ነገር የበለጠ ጠቅማቸዋለች ብዬ አምናለሁ፣ ግን ይህን ለዲፓርትመንት ኃላፊያችን እንዳትነግሪብኝ።

ደብዳቤውን ግን አታቋርጪ። በእንግሊዝኛ የምትጽፍለት ሰው ያላት ተማሪ ስንቷ ናት?

ሰላም ቲቸር። ድርሰት በቻትጂፒቲ ማሠራት ኩረጃ ነው? ጓደኞቼ ሁሉ ያሠራሉ። እኔ ብቻዬን በራሴ ስሠራ ከ10 ስድስት አመጣለሁ፣ እነሱ ዘጠኝ። ፌር ነው?
*የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ሐዋሳ*

ኩረጃ ነው። ፌርም አይደለም። የአንተን ስድስት አከብራታለሁ፣ ማርክ የሰጠው አስተማሪ ላይ ግን ትንሽ ቅር ብሎኛል። ቅር ያለኝ ግን እኔም ስለተሸወድኩ ነው።

አምና የ11ኛ ክፍል ሰባት ወረቀቶች በተመሳሳይ ዓረፍተ ነገር ጀመሩብኝ። ኅብረተሰባችን የሚል ርዕስ ነበር። አንዱ ልጅ፣ በአፉ ሦስት ቃል በእንግሊዝኛ የማይቀጥል ልጅ፣ አገራችን የባህል «ታፔስትሪ» ናት ብሎ ጽፏል። ቆንጆ ነው፣ በባለ ብዙ ቀለም ክር ሥዕል የተሸመነበት ጨርቅ ማለት ነው። ጠራሁትና «ታፔስትሪ ምንድነው?» አልኩት። ትንሽ አሰበ። «ቲቸር፣ እንደ ፓስትሪ ነገር ነው። የሚበላ።» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ልጁም ሳቀ፣ ያ ነው ያዳነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ድርሰት ለቤት መስጠት ትቻለሁ። ወረቀት አውጡ እላለሁ፣ 20 ደቂቃ፣ ስልክ ቦርሳ ውስጥ። ርዕሱንም ቀየርኩት። «የቴክኖሎጂ ጥቅምና ጉዳት» የሚል ርዕስ ከሰጠህ ማሽኑ ካንተ በላይ ይጽፋል፣ ምንም ሳይቸግረው። «ሰፈራችሁ ያለው ባለሱቅ ዱቤ ሲጠየቅ ምን ይላል?» ካልክ ግን ማሽኑ ባለሱቁን አያውቀውም። ያ የፓስትሪ ልጅ ለዚህ ጥያቄ የጻፈውን አልረሳም። ባለሱቁ ዱቤ ሲጠየቅ ራድዮኑን ከፍ ያደርጋል፤ ጠያቂዋ ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች፤ እሱም የበለጠ ከፍ ያደርገዋል፤ በመጨረሻ ሰፈሩ ሁሉ ዜናውንም ዱቤውንም ይሰማል። በሦስት መስመር ውስጥ ስድስት ስህተት ነበረው። ስምንት ሰጠሁት።

ማሽኑን ጨርሶ አትንካ አልልህም። በራስህ ጻፍ፣ ከዚያ ስህተቴን አሳየኝ፣ ለምን ስህተት እንደሆነም በአማርኛ አስረዳኝ በለው። ያኔ እንደ አስጠኚ ነው የተጠቀምክበት። እንዲጽፍልህ ካደረግህ ግን የተማረው እሱ ነው።

ሰላም ጋሼ፣ ዘንድሮ ነው ማስተማር የጀመርኩት። 4 ክፍል አለኝ፣ በየክፍሉ 68 ተማሪ። ድርሰት አዘዝኩና ደብተሩን ሰብስቤ ቤት ወሰድኩ። እህቴ ከክፍላችን ልታስወጣኝ ነው። ሦስት ሳምንት ሆነው፣ ገና ግማሹን አላረምኩም። ልጆቹ በየቀኑ «ቲቸር ደብተራችን?» ይሉኛል። አንተ እንዴት ነው የምትወጣው?
*አዲስ መምህርት*

እንኳን ወደ ሙያው በደህና መጣሽ። አሁን አብረን እናስላው። 68 በ4፣ 272 ደብተር። ለአንዱ 5 ደቂቃ ብትሰጪው 1,360 ደቂቃ፣ ከ22 ሰዓት በላይ ነው። ለአንድ ድርሰት! ሌሰን ፕላኑ፣ አቴንዳንሱ፣ ስብሰባው ሳይቆጠር። ስለዚህ ችግሩ ያንቺ ስንፍና አይደለም፣ ሒሳቡ ራሱ አይሞላም። ይህን የነገረኝ ሰው ስላልነበረ እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ራሴን ስወቅስ ነው የፈጀሁት።

መጀመሪያ ደብተሩን ነገውኑ መልሺ። ያልታረመውንም ጭምር። ደብተር የሌለው ልጅ ሦስት ሳምንት ሙሉ ኖት አልጻፈም ማለት ነው፣ ያ ካለመታረሙ የከፋ ነው።

እኔ አሁን የማደርገው ይሄ ነው። ሁሉም ይጽፋል፣ እኔ ግን በሳምንት ከየክፍሉ 10 ደብተር ብቻ እወስዳለሁ። የማን እንደሚወሰድ እስከ ፔሬዱ መጨረሻ አልናገርም፣ ስለዚህ ሁሉም የሚታረም መስሎት ይጽፋል። ይቺ ትንሽ ተንኮል ናት፣ ትሠራለች። በ7 ሳምንት ሁሉንም አዳርሳለሁ። ስታርሚ ደግሞ ሁሉንም አታርሚ። ለልጆቹ ቀድመሽ ንገሪያቸው፤ «በዚህ ሳምንት የማየው ያለፈ ጊዜ ግስን ብቻ ነው» በያቸው። ሌላውን እያየሽ ማለፍ መጀመሪያ ላይ እጅ ያሳክካል፣ ትለምጂዋለሽ።

ከሁሉ የምወደው ግን ዓርብ ነው። ከደብተሮቹ አምስት ዓረፍተ ነገር መርጬ፣ የማን እንደሆነ ሳልናገር ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ሦስቱ ስህተት ያለባቸው፣ ሁለቱ ጥሩ። የትኞቹ ጥሩ እንደሆኑ አልነግራቸውም። 68 ልጅ በጠመኔ ብናኝ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲጨቃጨቅ ማየት አለብሽ። አንዴ አንዲት ልጅ የራሷን ዓረፍተ ነገር ስህተት ነው ብላ ሽንጧን ገትራ ተከራከረች። ልክ ነበር። ዓረፍተ ነገሩ የራሷ እንደሆነ ስነግራት አላመነችኝም፣ ወደ ሰሌዳው መጥታ የራሷን የእጅ ጽሑፍ ፈለገች፣ እኔ እንደገለበጥኩት ረስታ።

ለእህትሽ ሰላምታ አቅርቢልኝ።

በእኛ ጊዜ 8ኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ሄራልድ ጋዜጣ አንብቦ ለጎረቤት ይተረጉም ነበር። የዛሬ 12ኛ ክፍል ስሙን አስተካክሎ አይጽፍም። ምን ነካችሁ?
*ጡረተኛ፣ አዲስ አበባ*

ጋሼ፣ ቁጣዎ ይገባኛል፣ ከፊሉም እውነት ነው። ግን ያኔ ስንት ሰው ነበር 8ኛ የደረሰው? ከአንድ አውራጃ ጥቂት ልጅ ተመርጦ፣ ተጠርጎ፣ ያውም ለከተማ ቅርብ የሆነው ነው። ክፍል ውስጥ የሚያስተምራችሁም ብዙ ጊዜ ፈረንጅ ነው። በ1955 የትምህርት ዘመን መጀመሪያ ብቻ ወደ 300 የሚጠጉ የአሜሪካ ፒስ ኮር በጎ ፈቃደኞች መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ተበትነዋል። አማርኛቸው ጥቂት ስለነበር ተማሪው ውሃ ጠማኝ ለማለትም እንግሊዝኛ ያስፈልገው ነበር። ዛሬ የእረኛው ልጅም የጉሊት ነጋዴዋም ልጅ ክፍል ውስጥ ነው። ጥራቱ ወርዷል፣ አልክድም፤ ግን ያኔ ያልተቆጠሩት ልጆች ዛሬ ተቆጥረው ነው።

እኔ ራሴ የፕላዝማ ልጅ ነኝ። በ1997 ዓ.ም. ትምህርቱ በሳተላይት በቴሌቪዥን መሰጠት ሲጀምር ወንድሜ 9ኛ ነበር፣ እኔ በዓመቱ ደረስኩበት። አስተማሪያችን ጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቃል፣ ከዚያ ስክሪኑ ይረከባል። የስክሪኗ ቲቸር ጥያቄ ትጠይቅና ትንሽ ሰከንድ ትጠብቃለች። ክፍሉ ጸጥ። ከዚያ ፈገግ ብላ «ዌል ዳን!» ትላለች። ማንም ምንም አላለም! በሕይወቴ እንደዚያ ተመስግኜ አላውቅም።

ቲቸር፣ በእንግሊዝኛ መናገር እፈልጋለሁ ግን አፌን ስከፍት ወንዶቹ ሙድ ይይዙብኛል። አንዴ ተሳስቼ እስካሁን በዚያ ቃል ነው የሚጠሩኝ። እጄን ማውጣት ትቻለሁ። ምን ላድርግ?
*የ9ኛ ክፍል ተማሪ*

እህቴ፣ እኔ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ስሜ «ዶሮ» ነበር። እናትህ የት ናት ስባል ኪችን ማለት ፈልጌ «ማይ ማዘር ኢዝ ኢን ዘ ቺክን» ብዬ እናቴን ዶሮ ውስጥ አስገባኋት። አሁንም የድሮ ጓደኞቼ ሰርግ ላይ ሲያገኙኝ ይጮኻሉ። የሚጮኹት ሰዎች ያኔ እጃቸውን ያላወጡት ናቸው።

ይሄ እንደማያጽናናሽ አውቃለሁ፣ አንቺ ነገ ጠዋት ነው ክፍል የምትገቢው። ስለዚህ እጅሽን አታውጪ፣ ለጊዜው። አንድ ጓደኛ ያዢ፣ አንድ ብቻ። በእረፍት ሰዓት 5 ደቂቃ ብቻ በእንግሊዝኛ አውሩ፣ ስለ ማንም ስለ ምንም፤ ስለሚያሾፉት ወንዶች ብታወሩ እንኳ ፈቅጃለሁ። ክፍል ውስጥ ደግሞ ሳትዘጋጂ ከመናገር የጻፍሽውን በማንበብ ጀምሪ። ወረቀቱ ጋሻ ይሆንሻል። አስተማሪሽንም ለብቻቸው አግኝተሽ ንገሪያቸው። እኔ ተማሪ እንዲህ ብላ ስትነግረኝ የሚያሾፈውን ልጅ አልቆጣም፣ በማግስቱ ወጥቶ ሁለት ደቂቃ እንዲናገር እጋብዘዋለሁ። ብዙ ጊዜ አርባ ሰከንድ አይሞላም።

ለነገሩ «ሙድ ያዙብኝ»ን አንዷ ተማሪዬ «ዜይ ካች ማይ ሙድ» ብላ ጽፋልኝ ነበር። እንግሊዝኛው ውስጥ ሙድ የሚለው ቃል የራሱ የሆነ ነገር ነው፣ ማሾፍ የሚባል ትርጉም የለውም። ከነሱ ወስደን እኛ ያደረግንበት ነው። ትክክለኛው «ዜይ ሜክ ፈን ኦፍ ሚ» ነው። ያዢው፣ ስለነሱ ስታወሪ ያስፈልግሻል።

ማትሪክ ቀርቦናል። ዎርክሺት ልሥራ ወይስ መጽሐፍ ላንብብ? ድርሰት መጻፍስ ምን ይጠቅመኛል፣ ማትሪክ ላይ አይወጣም።
*የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ባሕር ዳር*

ልክ ነህ፣ አይወጣም። ፈተናው ምርጫ ነው። «ቲቸር ይሄ ማትሪክ ላይ ይወጣል?» የሚለውን ጥያቄ በቀን ሦስት ጊዜ እሰማለሁ፣ እና አይወጣም ያልኩ ቀን እስክሪብቶ ሲቀመጥ ይሰማኛል። ፈተናው የማይጠይቀውን ክፍሉ አይማርም። ይሄ ያንተ ጥፋት አይደለም።

ግን የቀረህ ጊዜ አጭር ስለሆነ ቀጥታ ልንገርህ። ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲ ገብተው መፈተን ከጀመሩበት ከ2014 ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው በመጀመሪያው ዓመት 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ ነው። እንግዲህ ፊዚክሱም፣ ባዮሎጂውም፣ ታሪኩም የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ ነው። የባዮሎጂ አስተማሪው ጓደኛዬ የሞዴል ፈተና ወረቀት ይዞ መጥቶ ያሳየኝ ነገር አለ። ጥሩ ተማሪዎቹ የሳቱት ጥያቄ ባዮሎጂ ከብዷቸው አልነበረም። «ኤክሴፕት» የምትል ቃል ናት ያመለጠቻቸው። ከዚህ በስተቀር ማለት ነው። ትክክለኛውን መልስ አገኙና አጠቆሩ፣ የተጠየቀው ግን ትክክል ያልሆነው ነበር። «ኖት» (አይደለም) እና «ሊስት» (ከሁሉ ያነሰ) የሚሉትም እንደዚያው ናቸው።

ስለዚህ ዎርክሺቱን ሥራ፣ ግን መልሱን ለማግኘት አትሩጥ። ያለፉ ዓመታት ፈተና ያዝ፣ የእንግሊዝኛውን ብቻ ሳይሆን የሁሉንም። ጥያቄውን በራስህ አማርኛ ለራስህ ንገረው። መናገር ካቃተህ ጥያቄው አልገባህም፣ መልሱ ቢገጥምልህም። ማንበቡን በቀን አንድ ገጽ፣ ከራስህ የመማሪያ መጽሐፍ። ከዚህ በላይ አሁን አትሞክር። እና ተኛ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ እንደዚያች ልጅ።

ከተማሪዎችዎ ወረቀት እስካሁን ያልረሱት ዓረፍተ ነገር የትኛው ነው?
*አንባቢ፣ ጎንደር*

ሁለት ናቸው፣ ከአንድ ልጅ።

ሦስት ቀን ቀረ። ሲመጣ የይቅርታ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ጻፍ አልኩት፣ እንደ ሁልጊዜው። እንዲህ ጻፈ፦ «ማይ ግራንድማዘር ዳይድ ፎር ስሪ ደይስ።» ሴት አያቴ ለሦስት ቀን ሞተች። ለቅሶውን ነው፣ እስከ ሠልስት መቀመጡን። ግን ዓረፍተ ነገሩ እንዳለ ስታነበው አያትየው ሦስት ቀን ሞተው በአራተኛው የተነሱ ይመስላል። ስታፍ ውስጥ ነበርኩ፣ አጠገቤ ላለው አነበብኩለት፣ ሳቅን። በቀይ ከሥሩ «በአራተኛውስ ቀን?» ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩበትና ደብተሩን ላክሁለት።

ማታ ቤት ገብቼ ነው የከበደኝ። ልጁ አያቱ ጋ ነው ያደገው፣ አውቅ ነበር።

በማግስቱ ደብተሩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ወደ ቦታው ሄደ። ከፈትኩት። ጥያቄ የጠየቅኩት መስሎት ከቀዩ ጽሑፌ ሥር በሰማያዊ መልሶልኛል፦ «ኦን ዘ ፎርዝ ደይ ዊ ቱክ ዳውን ዘ ቴንት።» በአራተኛው ቀን ድንኳኑን አፈረስን።

ሰዋስዉ ልክ ነበር።